የተዝካር ዶሮ

ጂንሹ በምግብ አዳራሹ መስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት አባቱ ሞተር ብስክሌታቸውን አቁመው ወደ ሴሚናሪው ዳገት እየወጡ ነበር። በአንድ እጃቸው የቀርከሃ ባርኔጣቸውን ይዘዋል፤ በሌላው በጨርቅ የተቋጠረ ድርብ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለዋል።

«ጉዴ ፈላ» አለ።

«ማን ናቸው?» አለች ሹፌን። ነርስነቷን ትታ ወደ ሴሚናሪ የመጣች፣ ማዕዱን ከከበቡት ከሦስቱ ጓደኛሞች በዕድሜ ታላቋ ናት።

«አባቴ። ትናንት የአያቴ ተዝካር ነበር። የያዙትን ሳላየው አውቀዋለሁ።»

ሹፌንም፣ ከጎኑ የተቀመጠው ቦኤንም አወቁት። የአያቱ ስም በተጻፈበት የቤት ሰሌዳ ፊት ለመንፈሳቸው ቀርቦ፣ ዕጣን ጨሶበት የተነሳ ዶሮ ነው። ባለፈው ሳምንት በስብከት ልምምድ ላይ ይኸው ቦኤን «ለሙታን የቀረበውን የሚበላ ከሙታን ጋር ማዕድ ይቆርሳል» ብሎ ጠረጴዛ እየመታ ሰብኮ ነበር። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ አሜን ያለው ጂንሹ ነው።

አባትየው እዚህ ግቢ ረግጠው አያውቁም። ልጃቸው ቄስ ሊሆን የገባ ዕለት «እኔ ስሞት ዕጣኑን ማን ይይዝልኛል?» ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውት ነበር። ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናቱ ስልክ በቀር ከቤት ድምፅ አልሰማም።

«ብበላ እናንተን በምን ዓይኔ አያችኋለሁ?» አለ ጂንሹ። «ካልበላሁ ደግሞ ዛሬ የሄዱ ናቸው፤ ዳግመኛ አይመጡም።»

«ጾም ነው በላቸው።»

«እትዬ ሹፌን፣ ሉተራኖች እኮ ነን። የቱን ጾም?»

ቦኤን ግን የቄስ ልጅ፣ የቄስ የልጅ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ምግብ በደጁም አልፎ አያውቅም።

አባትየው ገቡና በሩ ላይ ቆም አሉ። «በላችሁ?» አሉ፣ እንደ አገሩ ሰላምታ። ሦስቱም ተነስተው እጅ ነሱ። ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የግሪክኛ መዝገበ ቃላት በክርናቸው ገፋ አድርገው ምሳ ዕቃውን በቦታው አስቀመጡ። ከዚያ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ከስተሃል። እዚህ የሚያበሏችሁ መጽሐፍ ነው እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ አባባ። እናቴስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፤ ወገቧን ነው እንጂ።» ክዳኑን ከፈቱ። ቆዳው ቢጫ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ቅቅል ዶሮ፣ በሥርዓት ተቆርጦ ተደርድሯል። ሽታው ጂንሹን ልጅ አደረገው። በየበዓሉ ጭኑን ለእሱ የሚያወጡለት እኚሁ ሰውዬ ነበሩ። አባትየው ዶሮው የሚጠቀስበትን የብርቱካን ድልህ ብልቃጥ ሊያወጡ ዞር ብለው የጃኬታቸውን ኪስ መፈተሽ ጀመሩ።

«አባባ፣ እኔ…» አለ ጂንሹ።

በዚህ መሃል የቦኤን እጅ በፊቱ አለፈ። ቾፕስቲኩን አነሳ፣ አንድ ቁራጭ መረጠ፣ አፉ ውስጥ ከተተ። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ያኝክ ጀመር። ጂንሹን አላየውም፤ ማየትም አላስፈለገውም። አሁን ጂንሹ ቢበላ የሚፈርድበት ሰው የለም፤ የፈራው ፈራጅ ቀድሞት በልቷል። እንዲህ ያለ ጓደኛ አለኝ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

አባትየው ብልቃጡን እንደያዙ ዞሩና ቀጥ አሉ።

«የቄሱ ልጅ አንተ አይደለህም? የጂንሹ እናት ነግራኛለች።»

«ነኝ፣ አባባ።»

«ታዲያ ምነው በላህ? ይሄ እኮ ከአባቴ ፊት የተነሳው ነው። ለራሴ ስንቅ የያዝኩት።» የላይኛውን ምሳ ዕቃ አነሱት። ከሥሩ በሁለተኛው ውስጥ ሌላ ዶሮ አለ፤ አነስ ያለ፣ ጭኖቹ ሳይቆረጡ። «የእናንተ ይሄ ነው። በሌላ ድስት ነው የተቀቀለው። ቢላውም ሌላ ነው። ሰሌዳው ባለበት ቤት እንኳ አላስገባሁትም፤ ያቺ ወገቧን የሚያማት ሴት ደጅ ቁጭ ብላ ነው የቀቀለችው።»

ቦኤን ማኘኩን አቆመ፤ ጥቂት አሰበና ጨርሶ ዋጠው።

«ይጣፍጣል» አለ ቀስ ብሎ።

ሹፌን ሳቋ አመለጣት። «የስብከት መምህራችን እንዳይሰሙ ብቻ።» አባትየውም በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ።

ጂንሹ ግን እንባው መጣበት። ከቤት የወጣ ዕለት ደጅ ላይ ቆሞ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ሲዘረዝር አባቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ሩዝ ያበጥሩ ነበር። ግድግዳ የሚያናግር መስሎት ነበር የሄደው። አንዷም ቃል አላመለጠቻቸውም።

ጭኑን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ አባቱ «ቆይ» አሉት።

«ምነው?»

«አትጸልዩም? ሳንጸልይ አንበላም ብለኸኝ አልነበረም?»

ሦስቱ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ተያዩ። ምግቡ ለማን ቀርቦ ነበር ሲሉ ማመስገኑን ረስተውታል። ቦኤን አንገቱን ደፋ፤ ይሄኛው ከዶሮው ይልቅ አሳፈረው።

ጂንሹ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ሁልጊዜ በክፍል በሚማሩበት ቋንቋ ነበር የሚጸልየው፤ ዛሬ አባቱ እንዲሰሙት በቤታቸው ቋንቋ በሃካ ጸለየ፤ ቃሉም እየጠፋበት ተንተባተበ። መሃል ላይ አላስችል አለውና አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

አባቱ አልጨፈኑም። ባርኔጣቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው፣ ጸሎቱን እንዳይረብሹ ቀስ እያሉ ዝንቡን ያባርራሉ፤ ከአንደኛውም ዶሮ፣ ከሌላውም።