ባለ ሦስት ነፍሱ ካድሬ

ጓድ ጥሩሰው መጀመሪያ የሞተው በአይጥ ተነክሶ ነው።

የመጣው ግን ሊያስር ነበር። ኹርሲ ቤት በየእሑዱ ከሰዓት በር ተዘግቶ፣ ካርታ ተዘርግቶ፣ «ዘበኛውን ማን ይግደለው?» እየተባለ ይመከራል የሚል ጥቆማ ደርሶታል። ገባ፤ ካርታውንም አገኘ።

«ይሄ የማን ጦር ሰፈር ነው?»

«የዘንዶ ዋሻ ነው» አለ ኹርሲ።

ኹርሲ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሚኖር የምድር ባቡር ንድፍ ሠራተኛ ነው። ዘመዱ ከጅቡቲ ያመጣለትን የፈረንሳይኛ የጨዋታ መጽሐፍ እየተረጎመ ሚስቱን ናፊሳንና ጎረቤቱን ሣህሉን ያጫውታል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ፈጥሮ ዋሻ ያስገባል፤ ኹርሲ የሚገጥማቸውን ይናገራል፤ ባለ ነጥብ ጠጠር ተወርውሮ ይፈርዳል። ለአዲስ ገቢ የሚሰጠው ሦስት ነፍስ ብቻ ነው። አንድ ጩቤ ሁለቱን ይወስዳል።

ካድሬው አላመነም። ለማጣራት ብሎ ተቀመጠ።

«ከፊትህ ጨለማ መተላለፊያ አለ» አለ ኹርሲ። «የሚንኮሻኮሽ ነገር ይሰማሃል።»

«ወደፊት!» አለ ጓድ ጥሩሰው፤ ሰልፍ የሚመራ ይመስል።

ጠጠሩ ተወረወረ። አይጥ ነበረች። ነክሳ ነክሳ ገደለችው። ሣህሉ ሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ጉድጓድ ገብቶ ሞተ። በሦስተኛው ሣጥን ሲከፍት መርዝ የተቀባ መርፌ ወጋው። ኹርሲ ንቀቱን መደበቅ አቃተው። በስብሰባ ላይ ስለ ድል ሁለት ሰዓት የሚደሰኩር ሰው አንዲት በር ማለፍ ያቅተው!

«ይሄ ነው እኛን የሚጠብቀን?» አለ ኹርሲ፣ ካድሬው ከወጣ በኋላ። «ወላሂ፣ የዶሮ ቤት እንኳ አላስጠብቀውም።»

ናፊሳ የፈጠረቻት አሮጊት ግን ሦስት ነፍሷን ይዛ ገብታ ትወጣለች። ወለሉን በዱላ እየነካካች ትራመዳለች፤ በር ላይ ጆሮዋን ትጥላለች፤ ነገሩ ካላማራት ትመለሳለች።

«ይሄማ ፍርሃት ነው» አለ ጓድ ጥሩሰው።

«አቦ፣ አንተ ስንቴ ሞትክ?» አለችው። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ እሱም መቆጣቱን ትቷል።

ከዚያ ወዲህ ነው ናፊሳን መጠየቅ የጀመረው።

«ሦስት ነፍስ ያለው ሰው ዘበኛ የቆመበትን በር እንዴት ያልፋል?»

«በበሩማ አያልፍም። አገሩን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ዞሮ ይሄዳል።»

«አሳልፈው ቢሰጡትስ?»

«ልጆቻቸውን ይዘው ከሚጓዙ ጋር ይሁን። ልጁን የያዘ ሰው ግርግር አይፈልግም።»

«መሣሪያስ?»

«መሣሪያ ያስጠረጥራል። ውሃ ይያዝ።»

ጓድ ጥሩሰው ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። ናፊሳ የምትናገረው ስለ ዋሻው ነበር፤ ኹርሲን ግን ላብ አጠመቀው። የናፊሳ ወንድም ሸምሶ ባለፈው ዓመት ከብሔራዊ ውትድርና አምልጦ ጅቡቲ የገባው ልክ እንደዚህ ነበር፤ ከግመል ነጂ ቤተሰቦች ጋር፣ ውሃ ብቻ ይዞ።

ሞኙ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሰውየው አይጥ የገደለው እየመሰለ፣ አንድ ጥፊ ሳይሰነዝር፣ ሚስቱን በገዛ ቤቷ ሲመረምራት ከርሟል! ኹርሲም አጠገቡ ሆኖ ጠጠር ይወረውርለታል!

በሰባተኛው እሑድ የጓድ ጥሩሰው ሰው ሦስት ነፍሱን ይዞ ከዋሻው ወጣ። ካድሬው ተነሥቶ ሁሉንም በየተራ ጨበጣቸው። የናፊሳን እጅ ቶሎ አልለቀቀም።

«አሁን ሁሉም ገብቶኛል» አለ።

እሱ እንደወጣ ካርታውን አቃጠሉት። መጽሐፉንም ጨመሩ። ሣህሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት ድርሽ አላለም።

ሁለት እሑድ አለፈ፤ ካድሬው አልመጣም። ኹርሲ መረጃውን እያደራጀ ነው ብሎ ደመደመ። ናፊሳ ለእስር ቤት የሚሆን ልብስ በሁለት ከረጢት አዘጋጀች። አንዱ የሷ ነው።

«ስለ ሸምሶ ከጠየቁ እኔ ነኝ የሸኘሁት በል» አለችው።

«ዝም በይ።»

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሁለት የደኅንነት ሰዎች በሩን አንኳኩ። ኹርሲ ሳይጠየቅ ከረጢቱን አንሥቶ እጆቹን ዘረጋ።

«ተቀመጥ፣ አንተን ማን ፈለገህ?» አለው አንደኛው። «ጓድ ጥሩሰው ጠፍቶ ጅቡቲ ገብቷል።»