ለጀማሪ የሚቀለው የፎቶ ማስተካከያ

ሠናይት ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ወዳለው የሬድዋን ፎቶ ቤት የገባችው ከሰዓት በኋላ ነበር። ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠበቀችና፣ ፎቶ የሚያስተካክል ፕሮግራም ለማያውቅ ሰው የትኛው እንደሚሻል ጠየቀችው።

ሬድዋን ጥቁር ልብሷን አየ። ባሏ ባዩ ሐምሌ ላይ መሞቱን ያውቃል። ለተዝካሩ የሚሆን ፎቶ ፈልጋ መስሎት እኔው ልሥራልሽ አላት። እሷ ግን ራሷ መልመድ ነበረባት፤ ምክንያቱንም ነገረችው።

ባዩ የሞተው አዲስ አበባ ኩላሊቱን ሲታከም ነው፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። እናቱ እማሆይ፣ ጉና ተራራ ሥር ከታናሽ እህቱ ከገነት ጋር ይኖራሉ። ልባቸው ደካማ ነው። ልጃቸው አሁንም እየታከመ ይመስላቸዋል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በግጭቱ ከተዘጋ ሰንብቷል። የነፍስ አባቷ አባ አለሙም ቁርጡን ነግረዋታል፦

«መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጄ። መንገዱ ሲከፈት ሽማግሌ ይዘን ጎህ ሲቀድ ደጃቸው እንደርሳለን። እስከዚያው ለገነትም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ዘመድ ሁሉ አፉን ያዘ። ገነት ግን ኔትወርክ ፍለጋ ተረተሩ ላይ እየወጣች ትጽፋለች፤ እማሆይ የልጄን ፊት አሳዩኝ ብለዋል ትላለች። ሠናይት፣ ባዩን ሐኪሙ እንዳያወራ ከልክሎታል ብላ የስልኩን ነገር አስቀርታለች። የፊቱን ነገር ግን በምን ታስቀረው?

ሬድዋን ቀና ሳይል ስልኳን ተቀበላት።

«የኮምፒውተሩ ፎቶሾፕ ይቅርብሽ፣ እትዬ። እኔም ስንት ዘመን ታግዬው አሁንም አንዳንዴ ይጥለኛል።»

በስልክ የሚሠሩትን ጫነላትና በባዩ ፎቶ ሞከሯቸው። የመጀመሪያው የባዩን ግንባር ወልውሎ፣ ከንፈሩን አቅልቶ አሳያቸው። ሬድዋን ይኼ ለእናት ሳይሆን ለሚዜዎች የሚላክ ነው አለ። ሠናይት ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ወዲያው አፈረች። ሌላው በየፎቶው ጥግ የራሱን ስም እየጻፈ አስቸገራቸው። የመጨረሻው ቀላል ነበር። ሰውየውን በጣት ዙሪያውን ከበው ያወጡታል፣ ሌላ ፎቶ ላይ ያስቀምጡታል፣ ጠርዙን ያለሰልሱታል። ሬድዋን ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም አላት። እሱን መረጠች።

ቤቷ ገብታ ባዩ ጋቢ ለብሶ የተቀመጠበትን የዱሮ ፎቶ አወጣች። ጣቷን በጆሮው፣ በትከሻው፣ በጋቢው ዘርፍ ላይ ስታዞር ገላውን የምታጥበው መሰላት። ሲገንዙት አላስቀረቧትም ነበር። አዲስ አበባ ለሕክምናው በተከራዩት ቤት በረንዳ ፎቶ ላይ አስቀመጠችውና ላከችው።

እማሆይ ስልኩን ሳሙት፤ ትንሽ ወፍሯል አሉ ብላ ገነት መለሰች። ሠናይት የታመመ ልጅ ስለ እናቱ ሳይጠይቅ ቢቀር ያስጠረጥራል ብላ፣ ባዩም እናቴን አሳዩኝ ብሏል ስትል ጻፈች። ገነት ላከችላት። እማሆይ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው መቋሚያቸውን ይዘው፣ ለምለም ገብስ መሐል ቆመዋል።

እንዲህ እየተላላኩ መስከረም አለቀ። ጥቅምት ላይ ገነት ድምፅዋ ጠፋ። ሠናይት ስልኩን ከእጇ ሳትለይ ከረመች። ፎቶው ላይ አንድ ነገር አይተው ይሆን? የጋቢው ጠርዝ ይሆን? ወይስ በረንዳው ላይ ያረፈው ፀሐይ ፊቱ ላይ አለማረፉ? ሄዳ እንዳታይ መንገድ የለም። ደውላ እንዳትጠይቅ አንደበቷን አታምነውም።

በመጨረሻ መልእክት መጣ።

«እትዬ ሠናይት፣ ፎቶ የሚያስተካክል ነገር ለጀማሪ የቱ ይቀላል? ለጤና ኬላችን ማስታወቂያ ፈልጌ ነው።»

ሠናይት መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። ገነት ጤና ኬላ መሥራቷ እውነት ነው፤ ማስታወቂያ ስትሠራ ግን ተሰምቶ አይታወቅም። ነቅታብኛለች፣ አሁን እየመረመረችኝ ነው አለች ሠናይት በልቧ። ወደ ሬድዋን ሮጠች።

«አላውቅም ካልሽ ያኔ ነው የምትያዢው» አላት። «እንደ ቀላል ነገር ንገሪያት።»

ነገረቻት። ስሙን ጻፈችላት፣ በጣት እንዴት እንደሚከበብ፣ ጠርዙ እንዴት እንደሚለሰልስ ሁሉ አስረዳቻት። ከላከችው በኋላ ነው የሠራችው ነገር የታያት። ገነት ይህን ከለመደች የባዩን ፎቶ ስታይ ሁሉንም ታውቃለች። እሷ ካወቀች ደግሞ ከአንድ ጣሪያ ሥር እያለቀሰች ከእማሆይ መደበቅ አትችልም። አባ አለሙ ጋ ሄዳ መንገዱን ጠየቀች። አልተከፈተም።

ኅዳር ሲጋመስ መታገሥ አቃታት። ባዩ እናቴን አሳዩኝ ብሎ አስቸገረኝ ብላ ጻፈች። እማሆይ ሰምተው እንደሆነ ከፊታቸው ታነበዋለች።

ፎቶው በማግስቱ ደረሰ። ሠናይት በር ዘግታ ተቀመጠችና በሁለት ጣቷ አሰፋችው። መጀመሪያ ዓይናቸውን አየች። አላለቀሱም። ነጠላቸውን አየች። የሐዘን አለባበስ አይደለም። እንደዚያው እንደ ወትሮው አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። እፎይ አለችና ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። አላወቁም።

ከዚያ በኋላ ነው ፎቶውን እንደ ሰው ተረጋግታ ያየችው። አጨዳው አልቋል። ከእማሆይ በስተኋላ እርሻው እስከ ተረተሩ ድረስ ደርቆ ባዶውን ቀርቷል፤ ክምሩ ቆሟል፤ በጎቹ ቃርሚያውን ይለቅማሉ።

በእማሆይ ክንድና በወገባቸው መካከል ግን ገብሱ ገና ለምለም ነበር።