ዳቦ ጋጋሪው ሲሞቀው

ክንዱ ላይ የቀባሁት አዮዲን ሲደርቅ የበቆሎ ስታርች እነሰንስበታለሁ። ዳቦ ጋጋሪው ነጩን ዱቄት አየት አድርጎ፣ ይህች ለአንድ ዳቦም አትበቃም ይላል። ሚስቱ እርጥብ ፎጣ ይዛ ከጎኑ ተቀምጣለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ምድጃው እሳት ተፍቶ ክንዶቹን፣ ደረቱንና ጀርባውን በላው። ቁስሉ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አያልበውም። ሙቀት ሲበረታ ሰውነቱ የሚበርድበት መንገድ ስለሌለው ራሱን ይስታል። ምድጃውን የሚያየው ከመንገድ ማዶ ቆሞ ነው። እሷም በሄደበት ሁሉ በፎጣዋ እያራሰች ትከተለዋለች።

ከአራት ወር በፊት፣ ከጭኑ ቆዳ የወሰድናቸውን ሴሎች የላብ ዕጢ መሆን አስተምረን ጠባሳው ውስጥ ተከልናቸው። ቦታው ሳንቲም ያክላል፤ በእስክሪብቶ ከብቤዋለሁ። ላብ ከወጣ ዱቄቱ እዚያ ላይ ይጠቁራል። ካልወጣ የእሱ ሙከራ ዛሬ ያበቃል።

ማሞቂያውን ከፍ አደርጋለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሦስት ጥቁር ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ከክቡ ውጭ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የምስር ፍሬ ያክላሉ።

ሚስቱ ከእኔ በፊት ገብቷታል። ፎጣዋ አንገቱ ላይ ነው፤ ውሃው ክንዱ ላይ ተንጠባጥቧል።

«እኔ ነኝ» ትላለች። «እጄ ለምዶብኝ ነው ወንድሜ።»

እሱ ይስቃል። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስታልቢልኝ ከርመሽ፣ ዛሬም አላስችል አለሽ?»

ክንዱን ጠርጌ፣ ትንሽ አሳርፌው እንደገና እቀባለሁ። ፎጣውን እንድትሰጠኝ እጠይቃታለሁ። ቶሎ አትለቀውም።

«ይሞቀዋል እኮ።»

«ተይኝ፣ ይሙቀኝ» ይላል።

ፎጣውን ከበሩ ውጭ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ሦስታችንም ክንዱን እናያለን። ስምንት ደቂቃ። አሥር። ፊቱ ይቀላል፤ የሙቀት መለኪያውን አየዋለሁ፣ ገና ደህና ነው። አሥራ አራት ደቂቃ ሲሆን፣ ክቡ ውስጥ መርፌ የወጋው የሚመስል አንድ ነጥብ ይጠቁራል። ከጎኑ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

ቀና ስል ሚስቱ ሳልጠይቃት ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ታሳየኛለች። ባዶ ናቸው።