የሌባ እናት

ሮማነወርቅ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለንስሐ አባቷ እንኳ ልትነግራቸው ስንት ጊዜ ደጃቸው ደርሳ፣ እፍረት ሲይዛት ስለ ጾም ጠይቃ ተመልሳለች። ልጇ የሺዓለም ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። ለበዓል ስትመጣ የእጅ ቦርሳዋን መግቢያው ላይ ከፍታ ታስቀምጥና፣ «ስወጣ እንድትፈትሺኝ ነው» ትላለች። ልጆቹ ይስቃሉ። እናትና ልጅ አይስቁም።

ነገሩ የሆነው በ1970 ዓ.ም.፣ ጥር ላይ፣ ናዝሬት ነው።

ሮማነወርቅ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። የምትጽፍበት መኪና አርጅታ «ሸ» እና ዘመዶቿ ሲመቱ ከመስመሩ ወደ ላይ ይዘላሉ። ባልደረቦቿ፣ «የሮማነወርቅ ሸዋ ከሌላው ክፍለ ሀገር ሁሉ ከፍ ትላለች» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ አንገቷን ደፍታ ትመታለች። በሰው ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት።

የሺዓለም ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከገና ወዲህ ከትምህርት ቤት እያመሸች መምጣት ጀምራለች። «የት ነበርሽ?» ስትባል፣ «ዙለይካ ሱቅ» ትላለች። ጎረቤታቸው ዙለይካ ደግሞ፣ «ኧረ እኔ ከእሁድ ወዲህ አላየኋትም» ትላለች።

መጀመሪያ የጎደለው ነጭ ወረቀት ነው፤ እናቷ ከመሥሪያ ቤት አምጥታ ያስቀመጠችው። ቀጥሎ ካርቦን። ሮማነወርቅ የልጇን ደብተር መግለጥ፣ የጫማዋን ሶል ማየት፣ የሹራቧን ኪስ መገልበጥ ያዘች።

አንድ ቀን ልጅቷ ደረሰችባት።

«ከምትፈትሺኝ ለምን አትጠይቂኝም?»

«ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ?»

የሺዓለም ትንሽ አሰበችና፣ «አልነግርሽም» አለች።

ከዚያ በኋላ እናት አልጠየቀችም፤ ልጅም አልተናገረችም።

አንድ ረቡዕ ሮማነወርቅ አሞኛል ብላ ከሥራ በጊዜ ወጣች። ቤት ገብታ የካርቦኑ ጥቁረት እስኪለቅ እጇን ሦስቴ ታጠበች። የሺዓለም ስትመጣ እናቷ የጌጥ ሳጥኑን ጭኗ ላይ ከፍታ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። በዚያ ሙቀት ሻርፗን አልፈታችም። ሳጥኑ ባዶ ነበር።

«ሐብሌ የት አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ወረቀቱንም አላውቅም ብለሽ ነበር።»

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። «ወረቀቱ ሌላ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሐብልሽን ግን አልነካሁም። በአባዬ አፅም።»

«የሞተውን ተይው። ተነሽ።»

ጩኸቱን ሰምታ ዙለይካ ገባች። «ሮማን፣ ተይ እንጂ። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። አልጋ ሥር ወድቆ ይሆናል፤ ቆይ እኔ ልፈልግልሽ።»

«አትፈልጊ። ፖሊስ ይፈልገው።»

«ፖሊስ? በገዛ ልጅሽ? ኧረ ያንን ሻርፕ ፍቺው፤ ሙቀቱ ጭንቅላትሽ ላይ ወጥቷል።»

ሮማነወርቅ ከበሩ ኋላ ጋቢና ሳሙና የያዘ ዘንቢል አነሳች፤ የልጇን ክንድ ይዛ ወጣች። በአቋራጩ አልሄደችም። በዋናው መንገድ፣ በባለጋሪዎቹ መሀል ይዛት አለፈች። ለጠየቃት ሁሉ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ሌባ ናት፤ ሐብሌን ሰርቃኝ ነው» አለች። አንዱ ባለጋሪ አለንጋውን ዘርግቶ፣ «እማማ፣ ካስፈለገዎት ይኸው!» ብሎ አሳቀባቸው።

ጣቢያው ውስጥ ሃምሳ አለቃ ጉደታ እስክሪብቶውን አላነሳም።

«ወይዘሮ፣ እናት ልጇን ስትከስ አይቼ አላውቅም። ቤትዎ ይቅጧት።»

«አልቻልኳትም። መዝገብ ላይ ይጻፉልኝ።»

«እሺ፣ ዛሬ ትደርና ትደንግጥ። ነገ ጠዋት መጥተው ይውሰዷት።»

«ነገ አልወስዳትም። ፍርድ ቤት እስክትቀርብ እንዳትለቀቅብኝ።»

ሃምሳ አለቃው አያት አያትና፣ «አንጀትዎ ድንጋይ ነው» ብሎ መዝገቡን ገለጠ። ቀኑንና ሰዓቱን አስጻፈችው፤ አስነብባም ፈረመች።

የሺዓለም አላለቀሰችም። ዘንቢሉን ስትቀበል፣ «ካሁን ወዲያ ልጅ አለኝ እንዳትዪ» አለቻት። ሮማነወርቅ ወጣች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ተዘጋ። የታጠቁ ሰዎች የስም ዝርዝር ይዘው ቤት ለቤት ይዞሩ ጀመር። ከዙለይካ ሱቅ ጀርባ የሺዓለምን የክፍል ጓደኛ ከነወንድሟ አውጥተው ላንድሮቨር ላይ ጫኗቸው። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ የለም።

ከዚያ የሮማነወርቅ በር ተንኳኳ።

«የሺዓለም የታለች?» አለ ዝርዝሩን የያዘው ሰውዬ።

«ፖሊስ ጣቢያ። ከትናንት ጀምሮ። ሐብሌን ሰርቃ።»

ሰውዬው ቤቱን አስፈተሸ። ከዚያ ደጅ ቆማ ወደምታየው ዙለይካ ዞረ። «እውነት ነው ሴትዮ?»

«ውሸቷን ባደረገው» አለች ዙለይካ፣ ሮማነወርቅን እያየች። «እየጎተተች ስትወስዳት ከተማው ሁሉ አይቷል። ምን አይነት እናት እንደሆነች እንጃ።»

ሰውዬው ሳቀ። «እኛ ወንበዴ ስንፈልግ የእናቷን ወርቅ ትዘርፋለች?» ወረቀቱን በሩ ላይ አስደግፎ ከስሙ ጎን በእርሳስ ምልክት አደረገ። «ግድ የለም፤ ስትፈታ እንመለሳለን።»

ዝርዝሩ ሮማነወርቅ ዓይን ሥር ነበር። «የሺዓለም» ከሚለው ስም ውስጥ «ሺ» ከመስመሩ ወደ ላይ ዘልላለች።

በማግስቱ ጠዋት ሮማነወርቅ ሻርፗን ፈታች፤ ሐብሉን ከአንገቷ፣ ሁለቱን የወርቅ ጉትቾች ከጆሮዋ አውልቃ ጓሮ ቀበረቻቸውና፣ ጉትቾቼም ጠፍተዋል ብላ ክስ ለመጨመር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።