ቤቱን እስኪለምድ

አኩሊና የሟች ልጇን ላፕቶፕ ኮምፒውተር ከጓሮው ዕቃ ቤት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው። በሳይቤሪያዋ ያኩትስክ ከተማ ብርዱ ዛሬ ከዜሮ በታች ሃምሳ ነው። በሩን ስታልፍ መነጽሯ ጭጋግ ለበሰና በዳበሳ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ይኸውልሽ። ይዘሽ ሂጂልኝ።»

ምራቷ ዙልፊያ ከጥጥ አገር፣ ከኡዝቤኪስታን የመጣች፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ኤርቺም የወንዙ በረዶ ተሰብሮ ከነመኪናው ሰምጦ ከተቀበረ ወዲህ አማቷን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ውጭ ታክሲው ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃታል።

«ልጁ የአባቱን ድምፅ ይስማ ብዬ ነው፣ እማማ» አለች። «የቀዳው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የለም።»

አኩሊና ቅጂውን ሰምታው አታውቅም። ለዚች ብሎ እንደቀዳው ስታስብ አንጀቷ ይቃጠላል፤ ከቀብሩ ማግስት ኮምፒውተሩን ውርጭ ውስጥ የወረወረችውም ለዚሁ ነው።

«መሥራቱን እዚሁ እይው እንጂ፤ ኋላ አሮጊቷ አበላሸችው እንዳትዪኝ። ገመዱ ያው።»

«አሁኑኑ ይከፈታል?»

«ታዲያ ሻይ ይጠጣልሽ?»

በዚህ አገር ከውርጭ የገባ ዕቃ ቤቱን እስኪለምድ አይነካም። አኩሊና ጥንቸል የምታድንበት ጠመንጃ እንኳ ጠዋት እንደገባ መግቢያው ላይ በቆዳ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቶሎ ከፈቱት በቤቱ ሙቀት ውሃ ያልበውና ይዝጋል። ኮምፒውተርም ያው ነው፤ ውስጡ አልቦት ሳለ ካበሩት አለቀለት። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ዙልፊያ ግን ሁለት ክረምት አብራቸው ስትኖር የነገራት የለም፤ እሷንም ቢሆን ቤቱን ትልመድ ያላት አልነበረም።

ዙልፊያ ገመዱን ሰካች፤ ኮምፒውተሩ እያዘገመ በራ።

«አለ! እሰይ፣ አለ!» ዙልፊያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አምስት ናቸው። አራቱ የልጁ... እማማ! አንዱ የእርስዎ ነው። ‹ለእናቴ› ይላል።»

አኩሊና ከወንበሯ ተነሣች።

«መጀመሪያ የእርስዎን ልክፈትልዎት።»

«ተይው! አጥፊው! አጥፊው እልሻለሁ!»

ተከፍቷል።

«እማ» አለ ኤርቺም። እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ፊት ለፊት ልነግርሽ ስላቃተኝ ነው። እኔ አንቺን...»

ከውስጡ ድስት በማንኪያ ሲፋቅ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ስክሪኑ ጠፋ። ዙልፊያ ቁልፉን ደጋግማ ተጫነችው፤ ዲስኩ ተፋቀ፣ እንደገና ተፋቀ፣ ከዚያ ጨርሶ ዝም አለ።

«ምን ሆነ? እማማ፣ ምን አደረግሁት?»

የአኩሊና መነጽር ጠርቷል። በኮምፒውተሩ የፊደል ቁልፎች መሃል ያቆረው ውሃ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ ሲል አንድ በአንድ ይታያታል።