የመክፈቻው ተኩስ

ዘመነች ወደ ዱባለ ሱቅ የመጣችው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነው። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባዋለች፤ የግራ ዓይኗ ሥር መጥቆሩን ግን አልሸፈነላትም። ቢሸፍንላትስ ማን ሊታለል? ባሏ መሸሻ እንደሚደበድባት ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም እስከ ኮልፌ ገበያ የማያውቅ የለም።

ዱባለ ጠመንጃ ጠጋኝ ነው። በዚያ ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በኮልፌ የሚስተካከለው አልነበረም። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነበር።

አንድ ሽጉጥና ጥይት የሞላበት የሻይ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሽጉጧን ያውቃታል። የመሸሻ አያት ናቸው ያወረሱት። ድሮ ባሩዱም እርሳሱም ለየብቻ ነበር የሚጨመርባት። ኋላ አንድ አርመን ባለሙያ አሻሽሎ የዛሬ ጥይት እንድትጎርስ አደረጋት። ብረቷ ግን ያው የድሮው ብረት ነው።

«እሁድ ሰርኬን እንድራታለን፤ የመሸሻን እህት» አለች። «ሙሽራው ሲመጣ ይተኮሳል። ጥይቱ ደግሞ ድብልቅልቁ ወጥቷል።»

«መሸሻ ነው የላከሽ?»

«አያውቅም። እንዳይነግሩብኝ ጋሼ።»

ዱባለ በክር የታሰረ መነጽሩን አደረገ። ያለ እሱ ከክንዱ ወዲህ ያለ ነገር አይታየውም። ጥይቶቹን ለቃቅሞ ለሁለት ከፈላቸው፤ ጫፋቸው እርሳስ የሆኑትን ወዲህ፣ ጫፋቸው ቀይ የሆኑትን ወዲያ።

«ሁለቱም ልኳ ናቸው» አለ። «ግን አንዱ ጥቁር ባሩድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይገፋል፣ ትችለዋለች። ሌላው አዲሱ ባሩድ ነው። እሱን ካጎረሷት ትፈነዳለች።»

«በያዛት ሰው ላይ?»

«በማን ላይ ትፈንዳ ታዲያ? እጁን ትቆርጣለች፤ ፊቱንም አትምርም።»

«ይሞታል?»

ዱባለ መነጽሩን አወለቀ። «ይሞታል እንጂ።»

ወደ ጥይቶቹ ጎንበስ አለች። «የትኛው ነው የሚያፈነዳት?»

ይኸውልህ፣ አለ ዱባለ በሆዱ። ሴትዮዋ ባሏን ልትገድል ነው። ቢያባርራት ሌላ ጠጋኝ ትጠይቃለች። ለመሸሻ ቢነግረው ዛሬውኑ አንቆ ይገድላታል። መዋሸት ይሻላል።

«እርሳስ ጫፎቹ ናቸው» አላት። «ቀዮቹ ምንም አይሏትም።»

እውነቱ ግልባጩ ነበር። ሽጉጧ የምትችለው እርሳስ ጫፎቹን ብቻ ነው።

ዘመነች እርሳስ ጫፎቹን አንድም ሳታስቀር ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። ቀዮቹን ወደ ቆርቆሮው መለሰች።

«እነዚህ ውሃ ቢነካቸው ይፈነዳሉ?»

«አይፈነዱም።» እንስራ ውስጥ ልትደብቃቸው ነው፣ ብሎ አሰበ።

በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «እሁድ እንዳይቀሩ ጋሼ። ቦታዎ ከፊት ነው።»

ምስክር መሆኔ ነው፣ አለና ብቻውን ሳቀ።

ቅዳሜ ፌርማታው ጋ መሸሻን አገኘው። «ሚስቴን ምን እንደነካት እንጃ» አለ መሸሻ። «ሽጉጧን ራሷ ወልውላ ራሷ አጎረሰቻት። ትናንት እኮ በጥፊ ብያት ነበር።» ዱባለ ትከሻውን መታ አድርጎት አለፈ። የሰው ነፍስ አትርፎ ዝም ማለት ደስ ይላል።

እሁድ አዲስ ኮቱን ለበሰ። ክር ያለው መነጽር ከኮት ጋር አይሄድምና ቤት ተወው። ዳሱ ሞልቷል። ዘመነች ከዳሱ ምሰሶ ሥር ቆማለች፤ ዓይኗ ከባሏ እጅ አልተነቀለም።

የሙሽራው መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ደረሰ። መሸሻ ሽጉጧን አወጣ፤ ወደ ሰማይ ግን አላነሳትም። ቀጥ ብሎ ወደ ዱባለ መጣ።

«ጋሼ ዱባለ፣ የመክፈቻው ተኩስ ለተከበረ ሰው ነው የሚሰጠው። ይክፈቱልን። ዘመነች ናት ያለችው፤ ባለሙያው እያለ ማን ይተኩሳል ብላ።»

ዱባለ ገባው። ሚስጥሯን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሞቱን ከባሏ ወደ እሱ አዙራዋለች። ይቺ ጨካኝ! ለካ ለዚህ ነው ቦታዎ ከፊት ነው ያለችው። ግን አልደነገጠም። ያጎረሰችው እርሳስ ጫፎቹን ነው፤ እነሱ ደግሞ እንደ ርችት ይጮሃሉ እንጂ ማንንም አይነኩም።

ሽጉጧን ተቀበለ። ሳትፈነዳ ስትቀር ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ማየት አማረው። ዓይኖቹን ዘመነች ላይ ተክሎ እጁን አነሳ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ዘመነች አስተያየቱን ስታይ የፈራ መሰላት። ሮጣ ጎኑ ደረሰች፤ እሱ ምላጩን ሲስብ እሷ ጆሮው ሥር ሹክ አለችው።

«አይስጉ ጋሼ፤ እርሳስ ጫፎቹን በሙሉ ሽንት ቤት ጥያቸዋለሁ።»