ከጭነት መኪናው ጅራት ሥር

ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ትንሽ ነው፤ ቢበዛ ስንዝር። ዳገቱ መሐል ተጨናንቀን ቆመናል። ከኋላችን አውቶቡስ ተለጥፎብናል፤ በአባቴ በኩል የድንጋይ ግንብ ነው።

ጥሩምባዬን እጫናለሁ። ዳገቱን የሞላው መኪና ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል፤ የእኔን ማን ይለየዋል?

«ሹፌሩ በመስታወቱ አያየንም» ይላል አባቴ። ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ ዓመት የነዳው እንዲህ ያለውን ከባድ መኪና ነው። «ከወገቡ በታች ነን። ለሱ ኋላው ባዶ ነው።»

ጠዋት መውጣት አልፈለገም ነበር። እኔ ነኝ የለመንኩት። ቀይዋን መኪናዬን ዞሮ አይቶ፣ «ይቺን ይነዷታል ወይስ ይተኙባታል?» ብሎ ሳቀ። ጉልበቱን በሁለት እጄ አጥፌ ከነከዘራው አስገባሁት።

በተማርኩበት አገር የዚህች መኪና ፎቶ ከአልጋዬ በላይ ተለጥፎ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እሷን እያየሁ ተኛሁ። በሕልሜ መንገዱ ሁልጊዜ ጭር ያለ ነው፤ ከጎኔም ማንም አይቀመጥም።

እንደገና ይንሸራተታል። አፍንጫችንን አይመታም፤ መኪናዬ ዝቅ ያለች ስለሆነች ከላይዋ ያልፋል። የጅራቱ የዛገ ብረት ከቀዩ ቀለም በላይ እየመጣ ነው፤ ጥላው ጭናችን ላይ አርፏል። ከዚህ ወዲህ የፊቱ መስታወት ብቻ ነው የቀረው። ከመስታወቱ ወዲህ የአባቴ ፊት።

«ውረድ።»

«ሮጬ ልንገረው?»

«አትደርስም። ራስህን አውጣ።»

«ባንተ በኩል በሩ አይከፈትም እኮ፣ አባዬ።»

«ስለኔ ማን ጠየቀህ?»

እጄ የበሩን እጀታ ጨብጧል። መቼ እንደያዘው አላውቅም።

አባቴ የጎኑን መስታወት ዝቅ አድርጎ ከዘራውን ያወጣል። ብረቱን ሦስት ጊዜ ይመታል። የደነገጠ ሰው እንደሚደበድበው አይደለም፤ ረዳት ከኋላ ሆኖ የመኪናውን ጎን ሲመታ እንደሚመታው ነው፣ ረጋ ብሎ፣ በልክ። አንድ ሲሆን ሂድ፣ ሦስት ሲሆን ቁም። ሹፌር በጩኸት መሐል ሌላው ሁሉ ቢያመልጠው ይህ አያመልጠውም ይለኝ ነበር አባቴ፣ ልጅ ሳለሁ።

ብረቱ ይመጣል።

እንደገና ይመታል። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ፍሬኑ በረጅሙ ይተነፍሳል። ጅራቱ መስታወታችንን ሊነካ አራት ጣት ሲቀረው ቀጥ ይላል። የሹፌሩ ራስ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ወደ ኋላ ያያል፤ በእኛ ላይ አሳልፎ፣ አውቶቡሱን።

«ቆሟል» እላለሁ። ድምፄ የእኔ አይመስልም። «አባዬ፣ ቆሟል። ከዘራህን አስገባው።»

ከዘራውን ብረቱ ላይ እንደተከለ ነው። ያን ሁሉ ጭነት ደግፎ የያዘው እሱ ይመስል ክንዱን ገትሮ ይገፋል።

የእኔም እጅ አሁንም የበሩ እጀታ ላይ ነው።